አትርሳው

ቡሬ፤ ከመጋዘኑ ጓዳ፣ ከበቆሎው ጆንያ ጀርባ፣
የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክመን ስንገባ፣
«ደግሞ ይሄ ምን ሊፈይድ?» አለ ዘበኛው አትርሳው፣
ጆንያውን በእግሩ ገፋ አርጎ፣ ስፍራ ሲለቅ ለዕቃው።

ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ ወሩን መቁጠር ትተናል።
ሥራችን በፍላሽ ነበር፣ ከኪስ ወደ ኪስ ሲዞር፣
«የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው ሁለት»፣
«የእውነት የመጨረሻው» እየተባለ ሲከመር፤
የቱን አምኖ እንደሚመዝን ለሚዛኑ ማን ይንገር?

ሌሊት ሊኑክስ ጫንሁበት፤ ጥቁር ገጽ፣ ነጭ ፊደል፤
ሁለቴ መብራት ሄደብኝ፣ ሁለቴ ከሀ ስል።
«ስም ስጠኝ» አለ ማሽኑ።
ጣቴ ተንጠልጥሎ ቆየ።
ከበሩ ሰውዬው ሳለ፤
ስሙን ጻፍሁት እንዳለ።

ጊት የሚባል ተጠቃሚ፣ የበር ቁጥሩ የተለወጠ፤
ለእናንዬ ጥንድ ቁልፍ፣ ለእኔም ጥንድ፤
የአደባባዩ ለእሱ ተሰጠ፣
የምስጢሩ ከየላፕቶፓችን ጉያ ተቀመጠ።
ከዚያ ባዶ ማኅደር፣ ምንም ያልገባበት፣
እንደ አዲስ ጎተራ ጭቃው ያልደረቀለት።
የሦስት ዓመቱን ኮድ ከየፍላሹ ለቅመን፣
በየቀኑ ደርድረን፣ በየስማችን አስፈርመን፣
ሞላነው።

እናንዬ ናት መጀመሪያ ከቅርንጫፏ የገፋች፤
አንዲት መስመር ለውጣ ከሥር እንዲህ ጻፈች፦
«ሚዛኑ በኩንታል አንድ ኪሎ ይሰርቅ ነበር። ታርሟል።»

አንድ ኪሎ።
በኩንታል።
ሦስት መኸር።
ከሽንዲ በጋሪ፣ ከቁጭ በአህያ፣
አምኖን ያራገፈው ያ ሁሉ ጆንያ።

ማን ነው የጻፈው? አልሁ፤ ፍርዱን ከምላሴ አድርጌ፣
አዲስ አበባ በገባው ልጅ ላሳብብ ፈልጌ፣
ትእዛዙን መታሁ።
መስመሩ ከነባለቤቱ ወጣ፤ እኔው ነኝ።
ቀኑም አለ፤ ሐምሌ ሰባት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣ እኔ ከእንቅልፍ ስታገል፣
የጆንያውን ክብደት ሁለቴ ከእህሉ ላይ ሳጎድል።

ታሪክ የሚፍቅ ትእዛዝ አለ። አውቀዋለሁ።
አንድ መስመር ነው፤ ማንም አያይ።
ጻፍሁት። ጣቴ ኢንተር ላይ።

«ስሜን የሰጠኸው ዕቃ ይሠራል ወይ?» አለ ከበር።
እሱም አምና አራት ኩንታል አስገብቶ ነበር።
«ይሠራል» አልሁት፤
የጻፍሁትን ፊደል በፊደል ወደ ኋላ አጠፋሁት።

ሊነጋ ሲል የገበሬውን ስም ዝርዝር ከፈትሁ፣
ከየስሙ አጠገብ ያጎደልሁትን ኪሎ ከተብሁ።
በሀ አልጀመርሁም፤
በአ ነው የተነሣሁ።