ማረጋገጫ ያለው እድፍ

በሙስ ጃው ከተማ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
በአሮጌው የሆኪ ሜዳ፣ በረዶው ቀልጦ ወርዶ፣
ጠረጴዛ ተደርድሯል፤ የቅዳሜ ገበያ ነው፣
ድሮን በኪሎ ሳይሆን በፊርማ የሚመዝነው።

ልገዛ አልመጣሁም፣ አሳቤም አልነበረ፤
ዝናብ ነው ያስገባኝ፣ ጃንጥላዬ ስለተሰበረ።
እናም እዚያ፣
በሦስተኛው ረድፍ፣ ከቆርቆሮው ክምር ኋላ፣
ራሴን አየሁት፤ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ማንኪያ ይዤ፣ ስበላ።

ካርቶን ነኝ። ቁመቴ እስከ ሰው ወገብ ይደርሳል፣
ቀኝ ጉንጬ የዋጋ ወረቀት ለብሷል።
አጠገቤ አርማን ቱሼት፣ በረኛው፣ ያ ግንበ ደረት፣
ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ፣ እንደ ወለደኝ አባት።
ከበላያችን ፊደሉ፣ በቀይ ቀለም የጎላ፦
«ከወርቅ ማንኪያ ሾርባ በቀር፣ እኔና ልጄ ሌላ አንበላ!»

ልጁ አይደለሁም። አባቴ የባቡር ፍሬን ጠጋኝ ነበር፤
እናቴ ለአንድ ቀን አከራየችኝ፣ በአሥራ ሁለት ዶላር።
ሦስት ክረምት ሙሉ በየሱቁ መስኮት ልጁ ሆኜ ቆምኩ፣
ትምህርት ቤት «ቱሼት» ብለው ሲጠሩኝ «አቤት» ማለት ለመድኩ።
አባቴ በዚያ መንገድ ማለፍ ተወ፤ አዟሪውን መረጠ፤
ሾርባ በቀረበ ቁጥር ዳቦውን ብቻ ገመጠ።

ሻጩ ኦሬስት ሃቭሪሉክ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቱሼትን ሲለቅም የኖረ፤
ጨዋታውን አይደለም፤ እሱን ሌላው ይሰብስበው፤
የሱ ፍላጎት ቱሼት በፈገግታው የሸጠውን ነው፦
የምላጭ ማሸጊያ፣ የሞተር ዘይት ጣሳ፣
ያልተከፈተ የጉሮሮ ከረሜላ፣ አቧራው ያልተነሳ፣
እና፣ ሰውየው አርጅቶ ስሙ ሲረክስ ጊዜ፣
የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጣበቂያ፣ ከነፈገግታው፣ ከነትካዜ።

«ይሄ ብርቅ ነው» አለኝ ካርቶኑን እየዳሰሰ፣
«ዐሥር አይሞላም ባገሩ፤ ብዙው በዝናብ ፈረሰ።»
«ልጅቱ እኔ ነኝ» አልኩት።
ቀና ብሎ እኔን አየ፤ ጎንበስ ብሎ እሷን አየ፤
ዓይኑ በሁለታችን መሀል ስልሳ ዓመት ቆየ።
«ማረጋገጫ አለሽ?»
ፊቴን ዳሰስኩ። ከዚህ ሌላ ምን አለኝ?
«ይሁን፤ ብቻ እንዳትፈርሚበት፣ ዋጋውን ይገድለዋል» አለኝ።

አልፈረምኩም። ያ ቀን ግን መጣ፣ ከነመብራቱ፣ ከነግለቱ።
እንፋሎቱ የሲጋራ ጢስ ነበር፣ ከጠረጴዛው ስር የሚነፋ፤
ቲማቲሙ ላይ ሳሙና አለ፣ አረፋው እንዳይጠፋ።
አሥራ ሰባት ጊዜ «አሁንም!» አሥራ ሰባት ጊዜ ጎረስኩ፤
በአሥራ ስምንተኛው አልዋጥ አለኝ፤ አለቀስኩ።
ፎቶ አንሺው ተቆጣ። እናቴ ሰዓቷን አየች።
(ያቺ አሥራ ሁለት ዶላር የወር ከሰላችን ነበረች።)

ያኔ ቱሼት ጎንበስ አለ፤ አፉ በተውሶ ጥርስ ተሞልቶ፣
የራሱን በረዶው ወስዶታል፣ እያፏጨ፣ አመንትቶ፣
«አትዋጪው» አለኝ፤ «እዚህ ትፊው» ብሎ ጓንቱን ከፈተልኝ፣
ከጠረጴዛው ስር፤ ማንም አላየ፤ ተፋሁት፤ ቀለለኝ።
ትልቁ የበረኛ ጓንት፣ ቡናማ፣ እንደ ድብ መዳፍ፣
ዋንጫ የቀለበ እጅ፣ የእኔን ምራቅ ሲያቅፍ።

ወደ መውጫው ስሄድ፣ ከኦሬስት ጎን፣ በመስታወት ሣጥን፣
በቁልፍ ታስሮ፣ መብራት ወርዶበት፣ አየሁት ያንኑ ጓንቱን።
መዳፉ ላይ ቀይ እድፍ፤ ከስሩ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቁጥር፦
«የዋንጫው ጨዋታ ደም። የተረጋገጠ። የማይጠረጠር።»

አንድ ልጅ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣
«አባዬ፣ የእውነት ደም ነው?» ይላል፣ ትንፋሹ ጉም ጽፎ።
አባትየው ወረቀቱን ያነብለታል፣ ቃል በቃል፤
እኔ ምላሴ ላይ የሳሙና ጣዕም ይመጣል።

አፌ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ልተፋው ነበር፤ ግን የት?
የሚቀበለው ብቸኛ እጅ ተቆልፏል በመስታወት።

ዋጥኩት።
ዝናቡ አባርቷል። ጃንጥላዬን ረስቼ ወጣሁ፤
ኦሬስት ዋጋ ሳይለጥፍበት አልቀረም።