የፈሰሰ ሲታፈስ

ከሄንጊል ተራራ ግርጌ፣ እንፋሎት ከሚያፏጭበት፣
የተደፋ ቀፎ መሳይ የቆርቆሮ ጎጆ አለበት።
ነፋሱ ገመድ የያዘ ይመስል በሩን ይጎትተዋል፤
የስቴይኑን ትከሻ ግን ገፍቶ ይመልሰዋል።

የፈሰሰ አይታፈስም የሚል ተረት አልሰማች፤
ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ጭስ ስታፍስ ከረመች።

ግድግዳ ሙሉ ማራገቢያ ሰማዩን ያንጓልላል፣
ከአሥር ሺህ ቅንጣት አራቱን እየለየ ይለቅማል።
የተለቀመው ይሟሟል፣ እንደ አምቦ ውሃ ይፍለቀለቃል፣
በብረት ጉሮሮ ቁልቁል ከጥቁሩ ድንጋይ ይዘልቃል።
ድንጋዩ ቀዳዳው ብዙ፣ በደንብ እንደቦካ ዳቦ፣
እንግዳውን ይቀበላል አፍኖ፣ አቅፎ፣ ከብቦ፤
ሁለት ክረምት ሳይሞላው እንደ እርጎ ይረጋና
ይነጣል፣ ይጠጥራል፣ ጭስነቱን ይረሳና።

«ድንጋይ» አለ በስሟ ውስጥ፣ ባገሯ ቋንቋ ሲፈታ፤
አባቷ ነው ያወጣላት፣ በተወለደች በዚያው ማታ።

እሱ ግን ዛሬም አላመናት።

ቶርግሪሙር አርባ ክረምት የጀልባ ሞተር ያጎረሰ ነው፤
ናፍጣ ከጥፍሩ ሥር ገብቶ ሳሙና ያልነቀለው።
አሁን በቶርላክስሆፍን፣ ከወደቡ ፊት ለፊት፣
ቱቦ ከአፍንጫው አስሮ፣ ወንበር ሆኗል የሱ ቤት።

«ዛሬስ ስንት ቀበርሽ?» ይላታል ገና ስትገባ፣
ሳቁ ሳል ሆኖ ሲያበቃ፣ ዓይኑን እየሞላው እንባ።
«ዛሬማ» ትለዋለች ካፖርቷን እየሰቀለች፣
«ያንተ ጀልባ በአንድ ክረምት ይህንን ያህል አጭሳለች።»
«የቀሩትስ ሠላሳ ዘጠኝ?»
                    ዝም አለች ለአፍታ፤
የኦክስጅኑ ሞተር ብቻ ተነፈሰ በሁለቱ ፈንታ።

አንድ ሐሙስ ማታ ነው። በረዶው አግድም ይወርድ ነበረ።
ከቦርሳዋ ያወጣችው እንደ ዘነዘና የዳበረ፣
ከሰባት መቶ ሜትር ጥልቀት በብረት ጥርስ የተሰረሰረ
ድንጋይ።
ጥቁር፣ እንደ ከሰል ጥቁር። ግን በጥቁሩ መሃል
አንድ ነጭ ሥር፣ ቀጭን፣ እንደ መብረቅ ተጋድሟል።

በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቱቦውን ነቅሎ አሸተተው።
«ናፍጣ አይሸትም» አለ፣ ደስታ ይሁን ቅሬታ ያልለየው።
ቆየና ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፦
«ከዚህ ውስጥ የኔው የትኛው ነው?»

ለዚህ መዝገብ የላትም፣ ሚዛንም አልተሠራለት፤
ጭስ አንዴ ከወጣ በኋላ ማንም ስሙን አይጽፍበት።
ጎንበስ አለች። ከነጩ ሥር ጫፍ፣ በጥፍሯ እየፈለገች፣
ጤፍ የምታክል ነጥብ መረጠች።
«ይቺ» አለችው።
ዋሸች።

እሱም እንደዋሸች አውቆ፣ አንገቱን ነቅንቆ ዝም አለ፤
ድንጋዩን ከመስኮቱ ደፍ፣ ከኪኒኖቹ ጎን አስተካከለ።
ማዶ የሌላ ሰው ጀልባ ጭሷን ጎትታ ወጣችና፣
«ተነሺ» አላት አባቷ፣ «ሂጂ፤ አልጨረስሽም ገና።»