ጥዝ

ሰሌዳው አናት ላይ «ጥዝ» ብዬ ጻፍኩና
«ዓረፍተ ነገር ሥሩ» አልኳቸው። ገና
ሦስት ሰዓት አልሞላም፤ የድሬ ፀሐይ ግን
ማንጣጣት ይዛለች የጣሪያ ቆርቆሮን።

«ድምፅ ነው» አልኳቸው፣ «ቀጭን፣ የማያርፍ፣
ካፍ የማይወጣ፤ የሚወጣ ከክንፍ።
‹አለ› ያስከትላል፤ ብቻውን አይቆምም፤
ጥዝ አለች፣ ጥዝ ትላለች፣ ጥዝ ብላ አትጠግብም።»

ሮብሌ እጁን አወጣ፦ «ዝንቧ ጥዝ አለችኝ፤
ሐብሐቤን ሳልነካው ቀድማ ቀመሰችልኝ።»
ክፍሉ ሳቀ። ኢፍቱ፦ «መብራት የመጣ ለት
ፋኑ ጥዝ ይልና እንቅልፍ ይገባል ቤት።»
«ትራንስፎርመሩ ጥዝ ካለ» አለ አንዱ፣
«ሊፈነዳ ነው፤ ዞር በሉ ከመንገዱ!»

ደብተር ተሰብስቦ፣ ራይት ሳወርድ ውዬ፣
ሂንዲያ ጋ ደረሰ ቀይ እስክሪብቶዬ።
እንዲህ ይላል፦

«አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው።
ቶርኖው አንድ ጣቱን ወሰደው።
ዛሬ ቶርኖው ቆሟል።
የሌለችዋ ጣት ሌሊት ሌሊት ጥዝ ትላለች።»

ኤክስ አደረግኩባት፤ በኅዳጉ ደግሞ
«ጥዝ ለድምፅ ብቻ ነው! ጥርስም ቢሆን ታሞ
ይጠዘጥዛል እንጂ ጥዝ አይልም» ስል ጽፌ፣
ሁለት ማርክ ቀነስኩ፣ ደብተሩን አጥፌ።

ወጣሁ፤ በባጃጁ ደቻቱን ተሻገርኩ፤
አሸዋው ላይ ፍየል እስኪያልፍ ድረስ ቆምኩ።
ምድር ባቡር ግቢ፣ አጥሩን ስንታከክ፣
ድምፅ የለም ከውስጥ፤ ዝገት ብቻ ልክክ።

ሌሊት መብራት ጠፋ። ፋኑም ቀስ፣ ቀስ፣ ቆመ።
ሙቀቱ አልጋው ላይ እንደ ሰው ተጋደመ።
ቢንቢ እንኳ የለችም። ጥዝ ይላል ጆሮዬ።
«የቆመው ፋን ይሆን የሚሰማኝ?» ብዬ
ሻማ ለኮስኩና መዝገበ ቃላቱን
በ‹ጠ› ገለጥኩት፤ ፈለግኩት እናቱን፦
ጠዘጠዘ፦ አመመ፣ ሳያቋርጥ ወጋ።
ከጎኑ ጥዝ አለች፣ እህቱ፣ ባንድ አልጋ።

ማሽን ሲቆም ድምፁ ወዴት ነው የሚሄደው?
አንድ ጣት አግኝቶ፣ የሌለ፣ ቢለምደው፣
እዚያ ቢኖርስ?
          ሰውዬው በሌሊት
ባዶውን ቢያቅፈው፣ እንደ ዶሮ ጫጩት?

ጠዋት ደብተር ጠየቅኳት። ቀይ ቀለም አይለቅም፤
አንዱን የኤክስ እግር ስቤ ራይት አልኩት፤ አያምርም።
ሁለቱን ማርክ መለስኩ።
ሂንዲያ አየችውና፦ «ቲቸር፣ ማታ'ኮ ግን
ዝም አለችው ጣቱ፤ ተኛ ሌሊቱን።»

እኔ ጆሮዬን ያዝኩ።