የዘንድሮ ቦሎ

ከፓውዛው በታች፣ ከፎርቼላው አንገት፣
እንደ ፀጉር የቀጠነች አንዲት ስንጥቅ አለችበት።
አምና አልነበረችም። ከሰርቦ ጉድጓድ ይዣት ሳልመጣ አልቀርም፤
ጣት ካልዳሰሳት፣ ለዓይን ብቻ አትታይም።
ትናንት ማታ፣ ዝናቡ ሄርማታን ሲወቅጣት፣
በስልኬ መብራት ተንበርክኬ አየኋት።
የልጅ ልጄን፣ የሲፈንን፣ ጥቁር የጥፍር ቀለም
ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባኋት። ደግሞም
እፍ አልኳት እስክትደርቅ፣ እንደ ሕፃን ቁስል።
ነገ ምርመራ ነው። ነገ ሞተሩ ጤነኛ ይምሰል።

እሱም እኔም የወባ ማጥፊያ ነበርን ድሮ፤
የመርጫ ፓምፕ አዝለን፣ ጎጀብ፣ ሸቤ፣ አጋሮ፣
እሱ ጢሱን ሲተፋ፣ ልጆች ከኋላ ሲሮጡ፣
ቤት ለቤት ስንረጭ፣ ዶሮዎች ከጓዳ እየጮሁ ሲወጡ።
መሥሪያ ቤቱ በሐራጅ ሲያስወግደው ገዛሁት፣
በሦስት ወር ደሞዜ። ሰው ሳቀብኝ። ነዳሁት።
ዛሬማ ማርሚታው የራሱ አይደለም፤ ሰልባትዮው ከሌላ፣
ኩሽኔታው ከወፍጮ ቤት፣ ከባጃጅ ካንዴላ።
አባ ሜጫ ጋራዡ ውስጥ ይስቃል፦ «ይሄ ሞተር አይባል፤
ሰፈር ያዋጣበት ዕድር ነው!» ይለኛል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አቶ ሽብሩ ነበር መርማሪው፤
ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ ከደጃፍ ነው ሰላምታው።
ክላክሱን አንዴ ይነካል። ይጮሃል። ይስቃል።
«ይሄ ሽማግሌ ገና ሁላችንን ይቀብራል!»
ማኅተም፣ ዷ! ቦሎው ይለጠፋል፣ አምና ላይ፣ ካቻምና ላይ፤
የሽንኩርት ልጣጭ መስሏል፣ በጎን በኩል ሲታይ።
ፍሬኑ በሽቦ የታሰረ ዓመት፣ ያንኑ ቦሎ አንግቤ፣
የጎጀብን ቁልቁለት ወረድኩት፣ ሁለት ተረከዜን ስቤ፤
ጫማዬ ጭሶ፣ ሶሉ አልቆ፣ የቆምኩት ከአንድ በሬ ጎን።
በሬው ዞር ብሎ አየኝ፤
የመረመረኝ እሱ ብቻ ይሆን?

ዘንድሮ ሽብሩ የለም፤ ጡረታ ወጥቷል።
በቦታው አንዲት ልጅ፤ ቱታዋ ይሰፋታል፤
ስሟ ነኢማ ነው። ሂጃቧ ላይ እስክሪብቶ ሰክታ፣
ካርቶን አነጠፈችና ጭቃው ላይ ተኛች፣ በጀርባዋ ተዘርግታ።
አባ ሜጫና እኔ ብቻ ነበርን ከሥሩ የምንተኛ።
ከኋላዬ ክላክስ፤ ባጃጁ ሁሉ ችኩል፣ ነገረኛ።
ፍሬኑ ያዘላት፤ ፍሬቻው በራ፤ ሰንሰለቱም ልክ ነው፤
የኔ ዓይን ግን ካንዲት ቦታ አልነቀልም አለ፤ ሌባ እንዲሁ ነው።
ከዚያ አውራ ጣቷ ቆመ። ፋቀች። አሸተተች።
«አባቴ፣ ይሄ የጥፍር ቀለም ነው» አለች።
በቀስታ ነው ያለችው፣ ከወረፋው ደብቃኝ፤
እሷም ቤት ያው ቀለም ሳይኖር አይቀርም፣ መሰለኝ።

«አላለፈም» ብላ ጻፈች፤ ፊደሏ ክብ፣ የተማሪ።
ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፦ ሃምሳ ዓመት ለረገጥኩት ሞተር፣ እሷ ናት አስተማሪ?
ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው፣ ቀና ብላ ስታይ፦
«ስንት ይቆይ ነበር?»
«ምናልባት ዓመት» አለች። «ምናልባት እስከ አዌቱ ድልድይ።»

አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያለፍኩት ሳልታይ ነው፤
ዘንድሮ ታይቼ ወደቅሁ። የትኛው ነው የሚሻለው?
አላውቅም። ጉልበቴን አሞኛል።
ማታ ሲፈን ጠርሙሷን ከፍ አርጋ «ማን ጨረሰው?» ስትል፣
ያዘጋጀሁትን መልስ ሁሉ አፌ አልቀበልም ይላል።

እየገፋሁ ነው። ዝናቡ አባርቷል፤ አዌቱ ሞልቷል፣ ደፍርሷል።
ድልድዩ ላይ አንድ የባጃጅ ልጅ ፍጥነቱን ቀንሷል፦
«ፋዘር፣ ቤንዚን ጨረስክ እንዴ? ልጎትትህ በገመድ?»
«ሙሉ ነው» አልኩት። «ባንድ ርግጫ ይነሣል። ሂድ፣ አንተ ሂድ።»