ደም መላሽ

ናጋኦካ ላይ በረዶው ሲወርድ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣
ከአስፋልቱ ወገብ የተቀበሩ ቱቦዎች ውኃ ይተፋሉ፤
የከርሰ ምድር ውኃ ነው፣ ብረት አለበት፤ በረዶውን ያቀልጣል፣
መንገዱን ግን ዝገት አልብሶት ያልፋል።

አርባ ዓመት ያንን ቱቦ ሲቀብሩ የኖሩ
ኢዋሳኪ ቶኩጂ፣ ትናንት ከማሽኔ ቀለበት ውስጥ ነበሩ።
«ትንፋሽ ይያዙ» አልኳቸው፤ ያዙ። «ይልቀቁ» ስል፣ ሳሉ።
በቀኝ ሳንባቸው ጫፍ ካንሰር አለ፤
ሐኪሞቹ «የወይን ፍሬ ያህላል፣ ይውጣ» ይላሉ።

የእኔ ሥራ ማቅለም ነው። አራት መቶ ስስ ምስል፣ የተከተፈ ጥላ፣
አንዱን ባንዱ ላይ እደርባለሁ፣ ደረቱ እስኪሞላ፤
የአየር ቧንቧው ነጭ፣ ደም ወሳጁ ሰማያዊ፣ ደም መላሹ ቀይ
(ሳንባ ግልብጥ አገር ነው፤ ጠቁሮ የሄደው ጠርቶ ሲመለስ የሚታይ)።

ኮምፒዩተሩ በሦስት ደቂቃ ሣለው፤ ያማረ፣ የተደላደለ፣
ከመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ወርዶ እዚህ የተተከለ።
ማማሩ ነው ያላማረኝ።

ቁራጭ በቁራጭ ወረድኩ፣ ፊደል እንደሚለቅም አራሚ፤
ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው ላይ አንዲት ነጥብ፣ ብቻዋን ቋሚ።
ከቧንቧው ፊት መውረድ ሲገባት ከቧንቧው ጀርባ ተደብቃ
ወደ ልብ ትሄዳለች፣ ማንም እንደማይጠብቃት አውቃ።
ማሽኑ «ስሕተት ናት» ብሎ ቆርጦ ጥሏት ኖሯል።
እኔም ሰረዝኳት። መለስኳት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ሆኗል፤
በመስኮቱ ማዶ በረዶ ጠራጊው ቢጫ መብራቱን እያሽከረከረ ያልፋል።

ዶክተር ሳኤኪ ሚዮኮ ጠዋት ገባች፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፤
የሳንባውን ጀርባ ወደ ፊት አዞረችው፣ ቀይዋ መስመር እስክትዘልቅ።
«የፊቱን ጨርሼ፣ ከኋላ ምንም የለም ብዬ፣ መቀሱን...»
አልጨረሰችውም። ቀኝ እጇን በግራዋ ያዘች።

ያልታየች ደም መላሽ እንደ ስሟ ናት፤ ከጀርባ ትመጣለች።

ቶኩጂን ጠርተን አሳየናቸው።
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤
ከዚያ ሳቁ፣ እስኪስሉ።
«የከተማው ካርታ ቀጥ ያለ ነው፤ መሬቱ ግን ካርታ አያነብም።
አንዱ ድሮ ድንጋይ ይገጥመዋል፣ ቱቦውን አዙሮ ያልፋል፣ ለማንም አይናገርም።
እኔ አካፋ ከመስደዴ በፊት በብረት ዘንግ አንኳኩቼ አዳምጥ ነበር፤
ውኃ የያዘ መሬት ሲነኩት ሌላ ድምፅ አለው፣ የማይናገር።
እቺንስ ማን አዞራት?»
«ማንም። ገና ሳይወለዱ» አለች ሐኪሟ።
«ሰባ አንድ ዓመት!» አሉ፤ ጣታቸው መስታወቱ ላይ ቀረ።
«አንድ ቀን አላንጠባጠበች። ከእኔ ሥራ ትበልጣለች።»

ሐሙስ ዕለት ሳንባው ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር፣ የእኔ ዛፍ ግድግዳው ላይ፣
ጎን ለጎን ዋሉ። «አዙሪው» ስትለኝ አዞራለሁ።
«ትንሽ ወደ ግራ።» አዞራለሁ።
ከጀርባ፣ ካልኩበት ቦታ፣ ከወፍራሙ ቧንቧ ኋላ፣
እርጥብ፣ ቀጭን፣ እኔ እንደሣልኳት ያልቀላች፣
ቤቷ ሰው እንደመጣባት ብቅ አለች።
ክሩ ሁለቴ ተቋጠረ።
ደም መላሿ ታሰረች፣ ጠብታ ደም ሳይፈስ።

ማታ በቀዩ መንገድ ስሄድ ውኃው ጫማዬን እየመታው፣
የድሮዎቹን አሰብኩ፤ በሦስት ደቂቃ ያማሩትን፣
«አበቃ» ብዬ የላክኋቸውን፣
ቁራጭ በቁራጭ ያልወረድኩባቸውን።
ቆምኩ። በተረከዜ አስፋልቱን አንኳኳሁት።
ጥቂት ራመድ ብዬ ደግሜ አንኳኳሁ።

አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ።