ግማሽ እርምጃ

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲደፍን፣
እኔና እንድሪስ ባንድ ቢሮ አለን፤
እሱ ማረጋገጥ፣ እኔ ማስላት ሥራችን።
የሱ ማስረጃ አርባ መስመር አይሞላም፣
የኔማ ሦስት ሌሊት በልቶ ጠገብኩ አይልም።

አንድ ሰኞ ታዲያ፣ ገበያው ሲንጫጫ ከበታች፣
የደሴን ካርታ አወጣ፣ ጥግ ጥጓ የነተበች፤
ጨምድዶ ወለል ላይ ጣላት።
«ዙሪያሽ፣ ነይ! ከዚህች ጭምድድ ውስጥ አንዲት ነጥብ አለች፣
ልክ ከራሷ በላይ የወደቀች፣
ቦታዋን ያልለቀቀች።»
«የት?»
«እሱን አልነገርኩሽም። አለች ነው ያልኩሽ።»
«የት?»
«እዚሁ ክፍል ውስጥ ነች፤ በቃ፣ ደስ ይበልሽ።»

ካርታዋን ዘረጋሁ፣
ቢሯችንን ፈለግሁ፣
በእርሳሴ ጫፍ ነካሁ፣
አጎንብሼ አየሁ፦
የእርሳሴ ጫፍ ከክፍሉ ይሰፋል፤
እንድሪስ፣ ወንበሩ፣ እኔም ጭምር ባንዲት ነቁጥ ተውጠናል።
የሱ «አለች» እውነት፣ የኔ «የት» ስህተት፤
ስህተቴን ግን ለክቼ አውቃታለሁ፤ ይህች ናት የኔ እውነት።

የኔ ጣጣ ቦርከና ነው፤ ክረምት ሲገባ ምን ያህል ይሞላል?
የማዘጋጃው አቶ ደጉ ግንብ ሊያስገነባ «ከፍታውን ንገሪኝ» ይላል።
እኩልታውን ጻፍሁ፣ ጊዜን ቆራረስሁ፣
ማሽኑን ለሌሊቱ አደራ ብዬ ሄድሁ።
ሲነጋ ብመለስ፣
በሰባተኛው ሰዓት ወንዙ ጦሳን አልፎ ሰማይ ወጥቷል፤
በስምንተኛው ከመሬት ሥር ገብቷል፤
በዘጠነኛው ጭራሽ ቁጥር መሆኑን ትቷል።
እንድሪስ አንገቱን አስግጎ፦ «ይህንንስ ኖህም አላየው!»

ቅዳሜ ኮምቦልቻ እህቴን ልጠይቅ ሚኒባስ ተሳፈርሁ፤
ሐረጎ ላይ ጉም ጠበቀን፤ ከሹፌሩ ጀርባ ነበርሁ።
ሙሄ ጡሃ ይሉታል። ማርሹን ቀነሰ፤ ደግሞ ቀነሰ፤
መብራቱ እስከደረሰበት ብቻ እየደረሰ፣
ከፊቱ ካለው ጥምዝ በቀር ኮምቦልቻን እየረሳ።
አንዱ ነጋዴ ከኋላ «እንዲህ ተሂዶ መቼ ይደረሳል?» ቢለው፣
ዞሮም አላየው፤
«ሐረጎን ባንድ እርምጃ የወረደ የለም፤ የወደቀ ነው ያለው።»

እህቴ ዘንድ አላደርሁም፤ ተቆጣች።
እርምጃዬን ገመስሁት፤ ወንዙ አሁንም ይዘላል፤
ደግሞ ገመስሁት፤ ይንደፋደፋል፤
ሦስተኛ ስገምሰው ግን ከቦዩ ገብቶ ይፈሳል።
የአንዱ ሌሊት ሥራ ስምንት ሌሊት ሆነ፤
በአምስተኛው መብራት ሄዶ፣ ሁሉም እንደ ጉም በነነ።
እንደገና «ሀ» አልሁ።

ደግሞስ መነሻው ቁጥር? እሱን ማን በትክክል ያውቃል?
በኩታበር ሸንተረር ላይ ሁለት ጠብታ ይወድቃል፤
በመሀላቸው አንዲት ጣት።
አንዱ በበሽሎ ዞሮ፣ አባይን ይዞ፣ ባሕር ይገባል ከስንት ወራት፤
ሌላው ቦርከናን፣ አዋሽን ብሎ፣
ባሕር ሳያይ ይቀራል፣ አፋር በረሃ መሀል በትነት።
የአንዲት ጣት ስህተት!
ይህን ለአቶ ደጉ በየትኛው ቅጽ ላይ እጻፍለት?

«ሦስት ሜትር ከአርባ» ብዬ ላክሁለት፣ «ሠላሳ ሳንቲም ሲደመር ወይም ሲቀነስ።»
ደወለ፦ «እመቤቴ፣ ሲደመር ሲቀነሷን ተያትና ቁጥር ስጪኝ፤
ሲሚንቶው ዝናብ ሳይነካው እንጨርስ።»
እሷን በነጭ ቀለም አጠፋት፤ ግንቡ ተጀመረ።
«ግንቡማ አለ» ይላል እንድሪስ፣ «ይበቃል ወይ አትበይኝ እንጂ!»
ሳቁ ግን እንደ ድሮው አልዘለቀም፤ ጉሮሮው ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሚኒባሱ ድልድዩን ሲሻገር፣
የድንጋዩን ድርድር አያለሁ፣ በከንፈሬ ስቆጥር፦
አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣
ጥምዙ ይመጣና ቁጥሬን ያቋርጠኛል።
ሠላሳዋ ሳንቲም አንድ ስንዝር ተኩል ናት፤
በመስኮቱ መስተዋት ላይ በጣቶቼ ለካኋት፣
ከደመናው ሥር፣ ከግንቡ ጫፍ በላይ፣
ባዶው ቦታ ላይ አኖርኋት።