ውል

ዱሮ ይሉታል ወንዙን፣ በፖርቶ ከችሎቱ ሥር ሲያልፍ፤
የኔ ሥራ መዝገብ ነው፣ ከመደርደሪያ ማውረድ፣ ማሳለፍ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀት ስሸከም ኖሬ
ሰው ሲካሰስ ያየሁትን ለማንም አልነገርሁ እስከ ዛሬ።
አሁን ግን ልናገር፣ ስለ አንዲት ቁራጭ ቡሽ፣
ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ሁለት ቤት ያደረገች ከሳሽና ተከሳሽ።

ቤልሚሮ ሳራይቫ፣ ቡሽ ሠሪ የቡሽ ሠሪ ልጅ፣
ለኦዴት ፊጌራል የወይን ቤት አቅራቢ፣ ወዳጅ።
አባቶቻቸው በመጨባበጥ ነበር የተገበያዩት፣
ውል የሚባል ወረቀት ኋላ ነው ልጆቹ ያዩት፤
ኩባንያ ሲሆኑ፣ አክሲዮን ሲከፋፈል፣
ጠበቃ ተቀጥሮ አንቀጽ ሲፈለፈል፣
አሥራ ሁለተኛው ላይ እንዲህ ሰፈረ በደቃቅ ፊደል፦
«ጉድለት ያገኘ ገዢ፣ ዕቃው በገባ በሠላሳ ቀን
በጽሑፍ ካላሳወቀ፣ መብቱን እንደ ተወ እንቆጥራለን።»

ሠላሳ ቀን!
ወይኑ በጨለማ አራት ዓመት ይተኛል፤
ቡሹ ይታመም ይዳን፣ ሳይከፍቱት ማን ያገኛል?
ዛፉስ? በደቡብ ሜዳ አንዴ ልብሱን ከተገፈፈ
ዘጠኝ ዓመት ይጠብቃል፣ ቁጥር ግንዱ ላይ እየተጻፈ።
ዘጠኝ ለቅርፊቱ፣ አራት ለጠርሙሱ፣
ሠላሳ ቀን ለሕጉ፤ የቱ ይሁን ንጉሡ?

ጠርሙሶቹ ሲከፈቱ፣ ከአንድ ሠርግ ማዕድ ላይ፣
ሽታው ወጣ፦ እርጥብ ካርቶን፣ ምድር ቤት ፀሐይ የማያይ።
ሙሽራው ብርጭቆውን ከንፈሩ ሳያደርስ መለሰው፤
ስልክ ተደወለ፤ ሌላም፤ የኦዴትን ስም ወሬ አረከሰው።
ከሰሰች። ስምንት መቶ ሺህ ዩሮ ጠየቀች ካሣ፤
የማስረጃ ካርቶን ስገፋ ስስብ የጫማዬ ሶል ሳሳ።
መቃወሚያ መጣ። ቀጠሮ። ለመቃወሚያው መልስ። ቀጠሮ።
የሙያ ምስክር ታመመ። ቀጠሮ። ያም ዓመት ሆነ ዱሮ።

«ስውር ጉድለት ነው» አለ የእርሷ ጠበቃ፣ «ማን ያየዋል ካልከፈተ?
ሊታወቅ ከመቻሉ በፊት፣ መብቱ እንዴት ሞተ?»
«ነጋዴ ከነጋዴ ነው» አለ የእርሱ፣ «አንብባ ፈረመች፤
በዚህች አንቀጽ ምክንያት ዋጋው ረክሶላት፣ ስንት ዓመት አተረፈች!»
ዳኛ ግራሲንዳ መነጽሯን አውልቃ ሁለቱንም አዳመጠች።

ከዚያ ነው ነገሩ የመጣ። ጠርሙስ ቁጥር ሰባት
ተከፈተ በችሎት ፊት፤ ቡሿን በሳሕን ዞርኩ ይዣት።
ባለሙያው አሸተተ። «ከመጋዘን ሊሆን ይችላል» ብሎ ጀመረ፤
ቤልሚሮ እጁን ዘረጋ፤ ጠበቃው ኮቱን ቢጎትትም አልቀረ።
አፍንጫው ሥር አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፣
አስከሬን ለይ ተብሎ የወንድሙን ፊት እንዳየ።
«የኔ ነው» አለ፤ «ሕመሙም። ከእኔ ቤት ነው የወጣ።»
ጸሐፊዋ መተየብ አቆመች። ጠበቃው ቃል አጣ።

ቢሆንም። «ማመን ሌላ ነው» አለች ዳኛዋ፣ «የጊዜ ማለፍ ሌላ፤
ውል ሕግ ነው ለተዋዋሉት፣ ቢጠብቅም ቢላላ።»
ተከሳሽ ረታ።
የረታው ሰውዬ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲሉት አንገቱን ደፋ፤
የኦዴትን ተረከዝ ደረጃው ላይ ቆጠርሁት፣ ድምፁ እስኪጠፋ።

ኅዳር ላይ ወደ መጋዘኔ መጣ፣ ብቻውን፣ በዝናብ ኮት፤
«ቡሿን ስጡኝ» አለኝ፤ «ወይኑን ተዉት።
የዛፉን ቁጥር አውቀዋለሁ፤ ሄጄ ልየው የታመመውን ሥፍራ።»
«አይሰጥም» አልሁት፤ «ይግባኝ አለ፤ ገና አልተቆረጠም የነገሩ ጭራ።»
«ይግባኝ ያለችው እሷ ናት?»
«እሷ ናት።»
«ጎበዝ» አለ። ዣንጥላውን ረስቶ ወጣ።

የተወሳሰበ ክር፣ ውሉ ከተገኘ ይፈታል ይባላል፤
እዚህ ግን ውሉ በእጄ ነው፣
አሥራ አራት ገጽ፣ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፤
ክሩ ነው የጠፋው።

ሰኞ መዝገቡን ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት እገፋለሁ።
የጋሪዬ አንድ ጎማ ይጮሃል፤
ዘይት ቀቡልኝ ካልሁ ሦስት ወር ሆነኝ፣
በጽሑፍ አላሳወቅሁም።